የማይሞቀው ግራ እግር

በኤሌክትሪክ ጥገና ጣቢያው ግቢ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የሠራተኛ ማህደሩ ብቻ ነበር፤ ሰው ሁሉ «ቴስተር» ነበር የሚለው። ስሙ የወጣለት ገና በአፍላ ዕድሜው ነው። አንድ ቀን የዚያን ጊዜው አለቃ «መስመሩ ጠፍቷል፤ ውጣና ሥራ» ቢለው፣ «ሳልለካ ሽቦ አልነካም» ብሎ ድርቅ አለ። አለቃው ተቆጣ፣ ጓደኞቹ ሳቁ፣ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የኤሌክትሪክ መፈተሻ ቴስተሩን ከኪሱ መዘዘ። መስመሩ አልጠፋም ነበር። አለቃው የዚያን ዕለት ፊቱ አመድ መስሎ ዋለ ይባላል። ከዚያ ወዲህ «እሱ እኮ ሻይ እንኳ ሳይለካ አይጠጣም» እየተባለ ሲቀለድበት፣ ራሱም ቀልዱን ወደደውና ብርጭቆውን በእጁ ጀርባ ነካ አድርጎ «ሁለት መቶ ሃያ አለው» ማለት ለመደ።

ሃያ ስድስት ዓመት ምሰሶ ሲወጣ ኖረ። ጉልበቱ ሲደክም ወደ ቁጥጥር አዛወሩት። አዲሱ ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የጣቢያውን ሞተር ሳይክል ያስነሳል፣ ከከተማው ወጥቶ ተራራውን በጠጠር መንገድ ይወጣል፣ ከዚያም በሸንተረሩ ላይ የተዘረጋውን ትልቁን መስመር ምሰሶ በምሰሶ እያየ ይሄዳል። አርባ አራት የብረት ምሰሶ ነው። በእያንዳንዱ ሥር ቆሞ፣ የሩቅ ማያ መነጽሩን ወደ ላይ አንስቶ፣ ሽቦው የተንጠለጠለባቸውን ነጫጭ ስኒዎች አንድ በአንድ ያያል። የተሰነጠቀ ካለ፣ ወፍ ጎጆ ሠርታበት ከሆነ፣ ቡሎን ላልቶ ከሆነ በሬዲዮ ይናገራል። እኩለ ቀን አካባቢ ሲመለስ ሥራው አለቀ።

ብርዱ ግን ቀላል አልነበረም። ከተማው ውስጥ ሹራብ የሚበቃው ሰው ሸንተረሩ ላይ ሲወጣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። በብርዱ ወራት ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ እስከ አራት ሰዓት አይቀልጥም፤ ነፋሱ ደግሞ ከገደሉ ሥር ተነስቶ በቀጥታ ከደረት ጋር ይጋጠማል። ቴስተር ከጃኬቱ ሥር ጋዜጣ ያነጥፍ ነበር። ካልሲው ላይ ፌስታል ያጠልቅ ነበር። ጣቶቹ ሬዲዮውን መጫን እስኪያቅታቸው ይደነዝዙና በሞተሩ ጭስ ማውጫ ላይ ያሞቃቸው ነበር። ለሚስቱ ግን «ትንሽ ነፈስ ይላል» ከማለት አያልፍም።

አንዲት ልጅ አለችው፤ በሌላ ከተማ በሞተር መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች። እናቷ ስለ ጋዜጣውና ስለ ፌስታሉ ብትነግራት አንጀቷ አልቻለም። አንድ ቅዳሜ በአውቶቡስ ካርቶን ላከች። ካርቶኑ ሲከፈት ሽቦ የተሰፋበት ሰደርያ፣ ወፍራም ጓንት፣ በጫማ ውስጥ የሚነጠፍ አንድ ጥንድ ሶሌታ፣ እና የክብሪት ቀፎ የምታክል መቆጣጠሪያ ሳጥን ወጣ። ሁሉም ከሞተሩ ባትሪ ጋር ተያይዞ ይሞቃል። ሳጥኗ ሦስት ደረጃ አላት፤ አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይ።

ልጅቷ ወዲያው ደወለች።

«አባዬ፣ ወረቀቱን አንብበኸዋል?»

«የምን ወረቀት?»

«የአጠቃቀሙን። ‹ቀይ ላይ ብዙ አይቆይ፣ እግሩ የማይሰማው ሰው አይጠቀም› ይላል። ሌላም ሌላም ይላል።»

«የኔ ልጅ፣ ሽቦ ለእኔ ልታስተምሪ ነው?» አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች። ወረቀቱ ከካርቶኑ ጋር አልጋ ሥር ገባ።

ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ለብሶ ወጣ። ሰደርያው ጀርባውን ሲያሞቀው፣ የሆነ ሰው ከኋላ ያቀፈው መሰለው። በጓንቱ ውስጥ ጣቶቹ እንደ ልባቸው ይታጠፋሉ። አሥረኛው ምሰሶ ላይ ሲደርስ በነፋሱ መሀል ብቻውን ያፏጭ ጀመር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ሳያገኝ መኖሩ ገረመው።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። ቀኝ እግሩ ሲሞቅ ግራው አልሞቀም። ብርቱካንማ ላይ አደረገው፣ አልሞቀም። ቀይ ላይ አደረገው። ቀኙ አቃጠለውና ሶሌታውን ነቀለለት፤ ግራው ግን ባዶውን በረዶ ላይ የቆመ ይመስል ነበር።

ማታ ልጁ ስትደውል «ሞቆኛል፣ ተባረኪ» አላት። ስለ ግራው ዝም አለ። ደስታዋን በምን አንጀቱ ይቀንሰዋል?

ስልኩን ዘግቶ ሁለቱን ሶሌታዎች ጠረጴዛው ላይ አጋደማቸው። መለኪያውን አመጣ። ቀኙን ለካ፤ ደህና። ግራውን ለካ፤ ቁጥሩ ከቀኙ ጋር እኩል ነው። ደገመ። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ እየዳበሰ ያልተበጠሰ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ ከመጠባበቂያ ባትሪ ጋር አገናኝቶ ሚስቱን ጠራት።

ሚስቱ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። ሃያ ዓመት ከካውያ ጋር ውላ ስለምታመሽ መዳፏ ደንድኗል፤ ሌላ ሰው የማይችለውን ሙቀት እሷ ትችላለች። እጇን ግራው ሶሌታ ላይ አሳረፈች፣ ትንሽ ቆየች፣ ቶሎ አነሳች።

«አንተ፣ ይሄ እኮ ሸሚዝ ይተኩሳል» አለችው።

«ቀኙ ነው ወይስ ግራው?»

«ግራው ነዋ፤ ያልከኝን አይደል የነካሁት?»

«እግሬ ላይ ሲሆን አይሞቅም።»

ቀና ብላ አየችው። «ታዲያ የተበላሸው ሶሌታው ነው?»

ይህን ያለችው በቀልድ መልክ ነበር፤ እሱም በቀልድ አለፈው። «እጅ ሌላ፣ እግር ሌላ» አለና መለኪያውን ወደ ቦርሳው መለሰ። ሳይለካ የማያምነው ሰው፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የለካውን ሳያምን ተኛ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ለሚያየው ሰው ግልጽ ነው። በጊዜው ግን እያንዳንዱ ነገር ለየብቻው እየመጣ ተራ ነገር ይመስል ነበር። ቴስተርን ውሃ ይጠማው ጀመር። አንድ ጠርሙስ ይዞ ይወጣ የነበረው ሰው ሦስት ያዘ። ሦስቱን ጠጥቶ ሲመለስ ደግሞ በግቢው ቧንቧ ላይ ይደፋል። ከጠጣ ደግሞ መሽናት አለ። የፈረቃ ኃላፊው አንድ ቀን አብሮት ወጥቶ ስለነበር ይህን አየና ሳቀበት።

«ጋሼ ቴስተር፣ አርባ አራቱንም ምሰሶ ውሃ ሊያጠጧቸው ነው እንዴ? ያድጋሉ ብለው ነው?»

«ማን ያውቃል፣ ቅርንጫፍ ያወጡ ይሆናል» አለው።

የፈረቃ ኃላፊው ምሰሶ መውጣትን የተማረው ከእሱ ነው። ዛሬ አለቃ ቢሆንም «አንተ» ብሎት አያውቅም። እየሳቀም ቢሆን፣ ጋሼ ቴስተር ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ማጥበቁን ልብ አለ። «ከስተዋል» አለው። «ሞተሩ ነው የሚያንገላታኝ» አለ ቴስተር።

ሌላ ነገር ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገረውም። በሞተር ላይ ማርሽ የሚቀይረው ግራ እግር ነው። ድሮ ማርሹ ሲገባ በጫማው ጫፍ ላይ ቋ ሲል ይሰማው ነበር። አሁን አይሰማውም። ይመታና ጆሮውን ወደ ሞተሩ ድምፅ ያዘነብላል። ጆሮው ሲጠራጠር ደግሞ አንገቱን ደፍቶ በዓይኑ እግሩን ያየዋል፤ የሌላ ሰው እግር ይመስል። አንድ ጠዋት ቁልቁለት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባ መሰለው። አልገባም ነበር። ሞተሩ ባዶውን እያጓራ ሳይይዝ ወደ ኩርባው ተንደረደረ። ኩርባው ላይ አጥር የለም፤ ከጠርዙ በኋላ ገደሉ ነው። ሁለቱንም ፍሬን አንቆ ሲይዝ የኋላው ጎማ ጠጠሩን እየጠረገ ዞረ። ሲቆም የፊት ጎማው ከጠርዙ ሁለት ክንድ አይርቅም ነበር። ጠጠሮች ወደ ታች እየተንኮታኮቱ ሲወርዱ ሰማ። መጨረሻቸውን ግን አልሰማም።

እዚያው ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ብርዱ ነው» አለ ለራሱ። «እግሬ ቢሞቅ ይሰማኝ ነበር።»

ነገሩን ሁሉ በዚህ መንገድ አሰረው። እግሩ አይሰማውም፤ ምክንያቱም ቀዝቅዟል። ስለዚህ መሞቅ አለበት። ሶሌታው እንዳልተበላሸ መለኪያው ነግሮታል፤ ስለዚህ ሙቀቱን የምትይዝበት ሳጥኗ መሆን አለባት። በሳምንቱ መጨረሻ በጣቢያው ወርክሾፕ ውስጥ ብቻውን ሆኖ መፍትሔ ያለውን ሠራ። የግራውን ሶሌታ ከመቆጣጠሪያ ሳጥኗ አላቀቀና በቀጥታ ከሞተሩ ባትሪ ጋር አገናኘው። ፊውዝ አስገባበት፤ ሥራው ጥንቅቅ ያለ ነበር፣ መጋጠሚያው በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ሽቦው በማሰሪያ ተይዞ። ሙቀቱን የሚገታው ግን ከዚያች ሳጥን ሌላ አልነበረም። ሶሌታውን በመዳፉ ነካው፤ ፈጀው። «አሁን ገና ሆነ» አለ።

በነጋታው የመጣ ለውጥ ቢኖር፣ እግሩ ውስጥ ከሩቅ የሚመስል የሆነ መንዘር ተሰማው። ሙቀት ነው ብሎ ደስ አለው።

ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ከመሀል ጣቱ ሥር የሳንቲም ያህል ውሃ የቋጠረ ነገር አየ። ጫማው ልጦኝ ነው ብሎ ፕላስተር ለጠፈበት። ቢያመው ኖሮ ምን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ስላላመመው ቀላል መሰለው።

ሚስቱ ካልሲውን ያገኘችው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ልብስ ልትዘፈዝፍ ስትለይ ነው። ግራው ካልሲ ሥሩ ላይ ቡናማ ክብ ነበረው፤ ዳር ዳሩ ደርቆ ያንጸባርቃል። እሷ ያንን ቀለም ታውቀዋለች። አዲስ የገባች ተኳሽ ካውያውን የእንግዳ ሱሪ ላይ ረስታ ስትሄድ የሚወጣው ቀለም ነው። ካልሲውን ይዛ ወደ ሳሎን መጣች።

«ይሄ ምንድነው?»

ቴስተር አየት አደረገው። «ምድጃው አጠገብ አስጥቼው ነበር፤ ተጠግቶ ይሆናል።»

«የቱ ምድጃ? ምድጃ ካጠፋን ስንት ቀናችን?»

«የጣቢያው ነዋ።»

«እግርህን አሳየኝ።»

«እግሬ ደህና ነው አልኩሽ። ደክሞኛል፣ ተይኝ።»

ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሲኖሩ እግሩን ከእሷ ደብቆ አያውቅም። ነገሩ ፈጽሞ አልጣማትም። መጣላት ግን አልፈለገችም። ጠዋት እሱ ከወጣ በኋላ ከሥራ ቦታዋ ሆና ለፈረቃ ኃላፊው ደወለች።

«ልጄ፣ ሰውዬው የሆነ ነገር ደብቆኛል። ካልሲው ተቃጥሎ አገኘሁት። ዛሬ ሲመለስ እግሩን እንዲያሳይህ አድርግልኝ። የእኔን እንቢ ቢል ያንተን እንቢ አይልም።»

«እሺ እትዬ፣ ሲወርዱ እኔ ራሴ ጫማቸውን አስወልቃለሁ» አላት።

የዚያን ዕለት ሸንተረሩ ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ቴስተር የሚያየው የምሰሶዎቹን እግር ብቻ ነው፤ ወገባቸውና ጭንቅላታቸው ነጩ ውስጥ ጠፍቷል። ከኮርቻው ሳይወርድ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ጉሙ እስኪገለጥ እየጠበቀ አንድ በአንድ ሄደ። ሠላሳ አንደኛው ምሰሶ ሥር ሲደርስ አፍንጫው አንድ ነገር ያዘ።

የመቃጠል ሽታ ነው። ፕላስቲክ አለበት፣ ፀጉር የመሰለም አለበት። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ይህን ሽታ እንደ ዋዛ አያልፈውም። መነጽሩን አንስቶ ወደ ጉሙ አየ። ምንም የለም። ጆሮውን ሰጠ፤ ሽቦው እንደ ወትሮው እዝ ይላል። ሬዲዮውን አነሳ።

«ሠላሳ አንድ ላይ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል። አይታየኝም፣ ጉም ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?» አለ የፈረቃ ኃላፊው።

«ጠብቀኝ፣ ወደ ሠላሳ ሁለት ልለፍ።»

ወደ ሠላሳ ሁለት አለፈ። ሽታው እዚያም አለ። ሠላሳ ሦስት ላይ ደግሞ ባሰ። አንድ ስኒ ቢፈነዳ ሽታው አንድ ቦታ ይቀራል፤ ይሄ ግን አብሮት ይጓዛል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

«እየተከተለኝ ነው» አለ በሬዲዮው፤ ድምፁ ሳይታወቀው ዝቅ ብሎ ነበር። «መስመሩን ይዞ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ሽቦው ጉሙ ውስጥ እየጋመ ሊሆን ይችላል። ቢበጠስ ሥሩ ያለው መንደር ላይ ነው የሚወድቀው።»

ያንን መስመር ማጥፋት ማለት ከተማውን በሙሉ ማጥፋት ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ቆይ እስኪ እንይ» ይባል ነበር። ይሄ ግን ቴስተር ነው፤ ሳይለካ የማይናገር ሰው።

«ላስጠፋው?»

«አስጠፋው።»

ከተማው ጠፋ። የሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ማሽኖቹ እያቃሰቱ ቆሙ፤ የሚስቱ ካውያ አንሶላው ላይ እንዳለ መቀዝቀዝ ጀመረ። መብራት ሲጠፋ ተኳሾቹ ዕረፍት አገኘን ብለው ሲስቁ፣ እሷ ካልሲውን እያሰበች ካውያውን ከአንሶላው ላይ አነሳች።

«እዚያው ይቆዩ፤ መኪና ይዤ እየመጣሁ ነው» አለው የፈረቃ ኃላፊው። መንገዱ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ቴስተር ሞተሩን አላጠፋውም፤ በዚያ ብርድ ያለ ሰደርያውና ያለ ጓንቱ መቀመጥ አይታሰብም። አርባውን ደቂቃ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን ወደ ላይ አንስቶ፣ እሳቱን ሰማይ ላይ ሲፈልግ ቆየ። ሽቦው ድምፁ ጠፍቷል፤ ሞቷል። ሽታው ግን አልጠፋም። ይህን ሲያስተውል ጀርባው ላይ፣ ከሰደርያው ሙቀት ሥር፣ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ወረደ።

መኪናው ደረሰ። የፈረቃ ኃላፊውና ሁለት መስመር ሠራተኞች ወረዱ። ሁሉም ወደ ላይ አንጋጠው አሸተቱ። የፈረቃ ኃላፊው ጥቂት እርምጃ ወደ ምሰሶው ሄደ፣ ሽታው ቀነሰ። ተመለሰ፣ ጨመረ። ወደ ቴስተር ቀረበ። ከዚያ ዓይኑን ከላይ ወደ ታች አወረደና ባለበት ቆመ። ከቴስተር ጫማ አፍ፣ ከሱሪው ጠርዝ ሥር፣ ክር የመሰለ ጭስ ይወጣ ነበር።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «እግርዎ።»

«የቱ?» አለ ቴስተር። መጀመሪያ ያየው ቀኙን ነው።

ከሞተሩ ወደ ጫማው የገባውን ሽቦ የበጠሰው የፈረቃ ኃላፊው ነው። ከሞተሩ አውርደው ሣሩ ላይ አስቀመጡትና ማሰሪያውን በቢላ ቆርጠው ጫማውን አወለቁለት። ካልሲው ከሶሌታው ጋር፣ ሶሌታውም ከእግሩ ጋር ተጣብቆ ነበር። አንደኛው ሠራተኛ ፊቱን አዙሮ ራቅ ብሎ ሄደ። ሌላው ውሃ አፈሰሰበት።

ቴስተር አልጮኸም። የሚያስጮኸው ነገር አልነበረም። እግሩን አየው፤ ውሃው ሲወርድበት አየ፤ ቀዝቃዛ ይሁን ሙቅ አላወቀም። ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን ሁሉ ስለዚያች ቀን ሲጠየቅ ደጋግሞ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ «ሦስቱም ፊታቸው ላይ ሕመሙ ነበር። እኔ ብቻ ነበርኩ የሌለኝ።»

በጤና ጣቢያው ነርሷ ቁስሉን ሸፍና ጣቱን በመርፌ ጫፍ ወጋችና ደሙን በትንሿ መሣሪያ ላይ አደረገች። ቁጥሩን አይታ ደገመችው።

«አባት፣ ስኳር እንዳለብዎት ያውቃሉ?»

«እኔ? የለብኝም።»

«ውሃ ይጠማዎታል? ቶሎ ቶሎ ይሸናሉ? ከስተዋል?»

የፈረቃ ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በእያንዳንዱ ጥያቄ አንገቱን ደፋ።

ነርሷ ጤነኛ ነው የተባለውን ቀኝ እግር አልጋው ላይ ዘረጋችው። በእጇ የያዘችው አጭር ቀጭን የፕላስቲክ ክር ነው።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ። በነካሁዎት ቁጥር ‹አዎ› ይበሉኝ።»

ጨፈነ። የልብሷን እጅጌ ኮሽታ ሰማ።

«አዎ» አለ።

«ገና አልነካሁዎትም።»

ጠበቀ። ክፍሉ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል። ምንም አልሰማው ሲል ዓይኑን ገለጠ። ክሩ ከቀኝ አውራ ጣቱ ላይ ተጭኖ ጎብጦ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝሽው?» አላት።

ክሩን አነሳችና ካርዱ ላይ ጻፈች።

ሆስፒታል ሰባት ሳምንት ተኛ። መጀመሪያ ሁለት ጣት ተቆረጠ፤ ቁስሉ አልድን ሲል የግራ እግሩ የፊት ግማሽ ሄደ። ሐኪሞቹ እንደነገሩት፣ ስኳሩ ሳይታወቅ ለዓመታት ቆይቶ የእግሩን ስሜት ከጣቶቹ ጀምሮ ወደ ላይ በልቶታል። ቀዘቀዘኝ የሚለው ስሜትም ከዚያው የመጣ ነው፤ እግሩ የቀዘቀዘበት ጊዜ አልነበረም።

ልጁ በአውቶቡስ አሥር ሰዓት ተጉዛ መጣች። እናቷ በስልክ የነገረቻት «አባትሽ እግሩን ተቃጥሎ» ብቻ ነበር፤ ልጅቷ ግን ቀሪውን በመንገድ ላይ በራሷ ጨርሳዋለች። የክፍሉ በር ላይ ቆማ መግባት አቃታት።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለች።

«ግቢና ተቀመጪ።»

«እኔ ነኝ አባዬ። ደንበኛ ሲገዛኝ ‹እግርዎ ይሰማዎታል?› ብዬ እጠይቃለሁ። አንተን አልጠየቅሁም።»

«ስሚኝ» አላት። ይህን ንግግር ሲዘጋጅበት ነው የሰነበተው። «የላክሽው ዕቃ ምንም ጥፋት የለበትም። ሳጥኗን ዘልዬ በቀጥታ ያገናኘሁት እኔ ነኝ። በሥራዬ ላይ አንድ ጀማሪ እንዲህ ሠርቶ ባገኘው ከግቢ አባርረው ነበር።»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ የሚቀላት መስሎት ነበር። ፊቷ ግን ይባስ ጠቆረ።

«በየቀኑ እየደወልኩ ‹ሞቀህ?› ስልህ፣ ‹ሞቆኛል› ትለኝ ነበር።»

«አዎ።»

«አንድ ቀን ‹ግራው አይሞቅም› ብትለኝ አውቅ ነበር እኮ። ሱቁ ውስጥ እንዲህ የሚል ደንበኛ መጥቶብን ያውቃል፤ አንድ እግር ብቻ አልሞቅ ሲል ምን እንደሆነ አውቅ ነበር።»

ቴስተር አንሶላውን በጣቱ ሲያለሰልስ ቆየና «ደስ ብሎሽ ነበራ» አላት።

ልጅቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱም ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አላነሱም፤ እሷ ግን በተመለሰች በሳምንቱ ሶሌታ መሸጥ እንዳቆመች እናቷ ሰማች። ባለሱቁ ቢቆጣም አልሸጥም አለች አሉ።

ጣቢያው አላባረረውም። ያለ ምክንያት ከተማውን ያስጠፋ ሰው ነው ብለው ከላይ የጠየቁ ነበሩ፤ የፈረቃ ኃላፊው «የሚቃጠል ነገር ነበር፣ ሪፖርቱ ትክክል ነው» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ቴስተርን በሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጡት። ሸንተረሩ ላይ አሁን የምትወጣው አንዲት ወጣት መስመር ሠራተኛ ናት። ከየምሰሶው ስትደውል ድምፅዋን ይሰማል። «ሠላሳ ሦስት፣ ሰላም ነው» ትለዋለች። እሱም ወዲያው አይለቃትም፤ «እግርሽስ?» ይላታል። መጀመሪያ ትስቅ ነበር። አሁን አትስቅም፤ «ቀዝቅዟል ጋሼ፣ ይሰማኛል» ትለዋለች። ይህን ሲሰማ ብቻ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፈው።

ከሥራ ሲመለስ፣ ከእራት በፊት፣ ሚስቱ በርጩማ ስባ ትቀመጥና ቀኝ እግሩን ጭኗ ላይ ታሳርፈዋለች። ሐኪሙ በየቀኑ ይታይ ብሏል። ቴስተር ወገቡ ስለማይታጠፍለት የራሱን ውስጥ እግር ማየት አይችልም፤ ስለዚህ የሚያየው የእሷን ፊት ነው። እሷ በጣቶቹ መሀል፣ በተረከዙ ዙሪያ፣ በጥፍሮቹ ሥር ታያለች። ለወትሮው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። «ምንም የለም» ትላለች፣ ካልሲውን ታለብሰዋለች፣ ወደ ምግቡ ይሄዳሉ።

ባለፈው ሐሙስ ተረከዙ ላይ ስትደርስ አልቀጠለችም። አውራ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አድርጋ ቆየች። ቴስተር ፊቷን አየ። ጫን ስታደርገውና ስትለቀው ከትከሻዋ እንቅስቃሴ ያውቃል፤ ከእግሩ የሚመጣለት ወሬ ግን የለም።

«ምን አየሽ?» አላት።

«መብራቱን ወደዚህ አዙርልኝ» አለችው።

አዞረላት።